ፖሊሱ ከበሩ ውጪ ይቁም

ቅዳሜ ጠዋት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። የተጠራነው ስለ መጻሕፍት እጥረት ልንነጋገር ነው። አንድ አባት ግን እጃቸውን አውጥተው ተነሡና፣ «ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ፖሊስ ይመደብልን» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወዲያው የፊርማ ወረቀት ከፊት ወንበር ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። እኔ አላጨበጨብኩም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው አዩኝና፣ «አንተ እዚህ ልጅ የለህም እንዴ?» አሉኝ። አለኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ያላጨበጨብኩትም ስለ እሱ ብዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ የመናገር ተራ ስላልደረሰኝ ያሰብኩትን እዚህ እናገራለሁ።

የእኚያን አባት ጭንቀት አልንቅም። አራዳ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ዩኒፎርም ለብሶ ከቤት የወጣ ልጅ ረፋዱ ላይ ሸሚዙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ በቲሸርት ብቻ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ተደግፎ ይገኛል። በመጋረጃ የተሸፈነው የሺሻ ቤት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይከፈታል። ሴት ልጅ ስትለከፍ፣ ስልክ ሲነጠቅ፣ እርሳስ መቅረጫ ምላጭ ለጠብ ሲመዘዝ ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችንም አይተናል። ስለዚህ «ፖሊስ ይግባ» የሚለው ቃል የአንድ ሰው ብቻ አልሆነም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ዕድር ድንኳን ሥር ይባላል፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ መምህራን ራሳቸው ይሉታል። እኛ ስንማር የትምህርት ቤቱ ትልቁ ማስፈራሪያ «ወላጅ አምጣ» ነበር። ያቺን ቃል ሰምቶ ጉልበቱ ያልራደ ልጅ አልነበረም። ዛሬ በ«ወላጅ አምጣ» ምትክ «ፖሊስ እጠራለሁ» ማለት ሲቀናን አያለሁ።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በልጆች ላይ ሥልጣን ሊኖረው የሚገባው ልጆቹን በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ዩኒት ሊደሩ፣ የሆም ሩም መምህሯ፣ የበሩ ዘበኛ። ፖሊስ የራሱ የተከበረ ሥራ አለው፤ ሥራው ግን ከበሩ ውጪ ነው።

አራዳ ለዚህ ክርክር ዝም ብሎ የተገኘ ሠፈር አይደለም። የከተማችን ፖሊስ ሥሩ እዚህ ነው። መርካቶ ገና ሳይታሰብ፣ ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት በምኒልክ ዘመን፣ ገበያውን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ ነበር። ሌባ ያባርራል፣ ጠብ ይገላግላል፣ ሌሊት ያለ ምክንያት የሚዞረውን ይይዛል። ሰው ይፈራዋል፣ ያማዋል፣ ሲጨንቀው ደግሞ ይጠራዋል። በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው ከግብፅ የመጡ የኮፕት መምህራን የዳግማዊ ምኒልክን ትምህርት ቤት የከፈቱት። የአራዳ ዘበኛና የአራዳ ተማሪ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ነው። ከጣሊያን በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በአዋጅ ሲቋቋም የቀድሞው ዘበኛ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ሥልጣኑ፣ መሣሪያውና መዝገቡ ወደ ጣቢያ ሄዱ። ስሙ ግን በር ላይ ቀረ። ዛሬ «ዘበኛ» ስንል መንግሥትን አናስብም፤ በር ላይ የተቀመጠ፣ የገባና የወጣውን የሚያውቅ ሰው ነው ፊታችን የሚመጣው። ወረቀት ላይ «የጥበቃ ሠራተኛ» ይባላል። ልጆቹ ግን «ጋሼ» ነው የሚሉት።

ልጄ የሚማርበት በር ላይ ያለውን ጋሼ ለብዙ ጠዋቶች አይቼዋለሁ። ካኪ ካፖርት ይደርባል፤ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረች የፕላስቲክ ወንበር አለችው። እሷ ላይ ግን ብዙም አይቀመጥባትም፤ አርፍደው የሚመጡ ልጆች ናቸው የሚቀመጡባት። ሁለት ሰዓት ሲሆን የተሰቀለውን ቸርኬ በብረት ይመታና በሩን ገርበብ ያደርጋል። አንድ ቀን ሰልፉ ተጀምሮ፣ ባንዲራ እየተሰቀለ፣ አንድ የሰባተኛ ክፍል የሚሆን ልጅ እየሮጠ መጣ። ጋሼ በሩን አልከፈተለትም፤ አላባረረውምም። «ትናንትም አንተ ነህ» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። «እናትህ ተሻላት?» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ ማን ቀዳ ዛሬ?» «እኔ።» ጋሼ ወንበሯን በእግሩ ገፋ አደረገለት፤ ልጁ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሲያልቅ ጋሼ ራሱ ልጁን ይዞ ወደ ዩኒት ሊደሩ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ልጁ ግን ክፍል ገባ።

ይህን የምተርከው ዘበኛን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። በእኛ ጊዜ ቆመጥ የማይለየው፣ አጥር ዘሎ የተያዘውን ልጅ ጠጠር ላይ የሚያንበረክክ ዘበኛ ነበር። እሱንም አልፈልገውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላዊ ከሆነና ጭካኔ ከተመላበት ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ያ ድንጋጌ ለዘበኛም፣ ለመምህርም፣ ለፖሊስም እኩል ይሠራል። እኔን የገረመኝ ጥያቄው ነው። «ውሃ ማን ቀዳ?» ብሎ ለመጠየቅ ልጁ ከየት ሠፈር እንደሚመጣ፣ ቤቱ ቧንቧ እንደሌለው፣ እናቱ እንደታመመች ማወቅ ያስፈልጋል። በየጊዜው በዝውውር የሚቀያየር፣ ዛሬ እዚህ ነገ ስታዲየም የሚመደብ ፖሊስ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሰውየው ደግ ቢሆን እንኳ ምድቡ ጊዜ አይሰጠውም።

ለምን ይሆን ይህ የፖሊስ ጥያቄ በዚህ በሁለትና ሦስት ዓመት እንዲህ የጋለው? መልሱ ዓይናችን ሥር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰች። ዶሮ ማነቂያ የለም፤ በዙሪያው የነበሩት ጥጋጥጎች ብዙዎቹ የሉም። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ ሠፈሮች ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ይህን አልክድም። ግን ከእነዚያ የቆርቆሮ ቤቶች ጋር አንድ በዕቅድ ላይ ያልተጻፈ ነገር አብሮ ፈርሷል። ፎርፎ የወጣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይታይ መድረስ አይችልም ነበር። የጉልቷ ሴትዮ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አንዱ «የእገሌ ልጅ አይደለህ? በዚህ ሰዓት ምን ትሠራለህ?» ይለዋል። ማታ ወሬው ከልጁ ቀድሞ ቤት ይገባል። ያንን ዓይን ነው ያጣነው። ፖሊስ አልጎደለብንም፤ ሠፈር ነው የጎደለብን። የጠፋውን ሠፈር በሁለት ፖሊስ እንተካዋለን ብለን ካሰብን ሁለት ጊዜ እንከስራለን።

አሁን ደግሞ ፖሊስ ግቢ ሲገባ ምን እንደሚለወጥ እንይ። ፖሊስ የመጣበት ጠብ ጠብ ሆኖ አይቀርም፤ «ጉዳይ» ይሆናል። ቃል ይሰጣል፣ ይመዘገባል፣ ቁጥር ያገኛል። ለፖሊሱ ይህ ጥፋት አይደለም፤ የሠለጠነው ለዚያ ነው። ለልጅ ግን ሌላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ በእረፍት ሰዓት በኳስ ተጣልቶ ሌላውን ልጅ በድንጋይ ቅንድቡን ፈነከተው። የዚያን ቀን ርዕሰ መምህሩ አልነበሩም፤ የነበሩት ፖሊስ ጠሩ። ጓደኛዬ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረ። የተፈነከተው ልጅ በሁለት ሳምንት ፕላስተሩን አንሥቶ ኳስ ይጫወት ነበር። ጓደኛዬ ሲመለስ ግን ስሙ ተለውጦ ጠበቀው፤ «እስረኛው» ሆነ። መምህራን ሳይቀሩ ቦርሳ ሲጠፋ መጀመሪያ እሱን ያዩታል። ዓመቱን ሳይጨርስ ወጣ። አባቱ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ቢጠሩ ኖሮ መጥተው፣ አስታርቀው፣ ይቅር አስብለው፣ የሐኪሙን ከፍለው፣ ልጃቸውን ቤት ወስደው ልክ ያስገቡት እንደነበር አልጠራጠርም። ሰውየውን አውቃቸው ነበር። ማንም አልጠራቸውም።

ሕጉም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። በወንጀል ሕጋችን ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለው ደግሞ የተለየ ሥርዓት አለው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ማስተማር፣ መቆጣጠር፣ ለወላጅ ማስረከብ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ጥፋት ያደረሰ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከስድሳ ዓመት በፊት የነበሩት ሕግ አውጪዎች ለልጅ ፖሊስ ጣቢያን ማለፊያ እንጂ ማረፊያ አላደረጉትም። እኛ ግን ጣቢያውን ጭራሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ እናምጣው እያልን ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ትምህርት ግቢ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከፒያሳ ስድስት ኪሎ የእግር መንገድ ነው። የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግሥት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ፤ ተማሪዎች ሞቱ። ሥርዓት ተለወጠ፣ ሌላ ሥርዓት መጣ፣ እሱም ተለወጠ። በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ፖሊስ ግቢውን ሰብሮ ገባ፤ ሚያዝያ 9 እና 10 አመፁ ከተማውን አዳረሰ፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችም ተቀላቀሉበት፤ ከሠላሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የባንዲራና የመዝሙር ጉዳይ ሲያወዛግብ ፖሊስ ልጆች ወዳሉበት ግቢ ገባ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አልከራከርበትም። የምለው፣ ግቢው ውስጥ ቋሚ ፖሊስ ካለ የፖለቲካው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በመምህርና በተማሪ መካከል የሚቆመው እሱ መሆኑን ነው። ለሺሻ ብለን ያስገባነው ለሌላ ነገር ይውላል። ያኔ ውጣ ብንለው አይወጣም።

«አሜሪካኖች እንኳ ትምህርት ቤታቸው የራሱ ፖሊስ አለው» የሚል ክርክር ስብሰባው ላይ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ አለው። በቴክሳስ የትምህርት አስተዳደሩ የራሱን የፖሊስ መምሪያ ያቋቁማል፣ የራሱን አዛዥ ይቀጥራል። ስለዚህ የአንዱን አዛዥ የሥራ ዘመን እንይ።

ፒት አሬዶንዶ ይባላል። ዩቫልዲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ በዚያው ከተማ ፖሊስነት ሥራ የጀመረ፣ በላሬዶ አካባቢም ሠርቶ ወደ ሦስት ዐሥርት ዓመት ከሚጠጋ ልምድ ጋር ወደ ተወለደበት ከተማ የተመለሰ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የፖሊስ አዛዥ ሆነ። የሠፈሩ ልጅ፣ ልምድ ያለው፣ ታጣቂ ትምህርት ቤት ቢገባ ምን እንደሚደረግ የሠለጠነ። የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ላይ ራሱ ተሳትፎ ነበር፤ ዕቅዱም አዛዡ ትእዛዙን ይይዛል ይላል። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። እኚያ አባት የሚመኙት ሰው ቢኖር ይህ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ የ18 ዓመት ወጣት ጠመንጃ ይዞ ሮብ የተባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። አሬዶንዶ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ደረሰ። የሬዲዮ መገናኛውን አልያዘም ነበር። አዛዥ ማን እንደሆነ ግልጽ ሳይሆን፣ የክፍሉ ቁልፍ ሲፈለግ፣ ኮሪደሩ በታጠቀ ሰው ተሞላ። የቴክሳስ ምክር ቤት መርማሪዎች በመጨረሻ ቆጥረው 376 የጸጥታ ሰዎች እዚያ እንደነበሩ ጻፉ። በሩ ተከፍቶ ታጣቂው እስኪገደል 77 ደቂቃ አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከክፍሉ ውስጥ ልጆች በስልክ ፖሊስ ይጠሩ ነበር። ፖሊሱ ግን ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ፒያሳ ሥር እሪ በከንቱ የምትባለው ሠፈር ስሟን ያገኘችው ሰው ጮሆ ጮሆ የሚደርስለት በማጣቱ ነው ይባላል። እዚያ ግን ደራሹ በር ላይ ነበር። 19 ልጆችና 2 መምህራት ሞቱ። አሬዶንዶ ከከተማው ምክር ቤት ለቀቀ፤ በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 18፣ ከሥራው ተባረረ፤ በ2016 ዓ.ም. ልጆችን ለአደጋ በማጋለጥ ክስ ተመሠረተበት፣ እሱም ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል።

ይህን ያነሣሁት በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ የእኛ ችግርም ጠመንጃ የያዘ ወጣት አይደለም። ያነሣሁት የትምህርት ቤት ፖሊስ የተባለው ነገር ከነሙሉ ትጥቁ፣ ከነበጀቱ፣ ከነልምዱ በዓለም ሀብታም አገር ውስጥ ሲፈተን የታየውን እንድናይ ነው። እዚያ በአዘቦት ቀን የክፍል ረብሻና ኮሪደር ላይ መገፋፋት ሳይቀር ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ የጭንቁ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሆነው ይህ ነው። ልጆቹ ራሳቸውን ጠረጴዛ ሥር የደበቁት መምህሮቻቸው እየመሯቸው ነበር። የሞቱት ሁለቱ መምህራት ከልጆቹ ጋር ክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

«እና ስለት ይዞ የሚገባውን ልጅ ምን እናድርገው?» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። ፖሊስ ይጠራ። ደም ሊፈስ ሲል ወይም ሲፈስ፣ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ ጣቢያ ይጠራ፣ ይምጣ፣ ሥራውን ጨርሶ ይመለስ። መጥራትና ማስቀመጥ ግን ሁለት ነገር ናቸው። ሐኪም እንጠራለን፤ ቤታችን ውስጥ ሆስፒታል አንሠራም። ስለቱን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? ልጆቹ ናቸው። ልጆች ለማን ይናገራሉ? ለሚያምኑት ሰው። ለጋሼ ይናገራሉ። ነገሩ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር፣ ጓደኛቸው እንደሚታሰር ካወቁ ለማንም አይናገሩም።

ፖሊስ መሥራት የሚገባው ከበሩ ውጪ ሞልቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም መጠጥም እንዳይሸጥ ከልክሏል። በትምህርት ቤቶቻችን ዙሪያ ይህ አዋጅ በየቀኑ ሲጣስ ያየ የለም? ልጁን ከሺሻ ቤት ጎትቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ሺሻ ቤቱን ከከፈተው አዋቂ ሰው ጋር መታገል ግን ከባድ ነው፤ ያ ሰው የሚያውቀው ሰው አለው፣ ገንዘብ አለው። ፖሊስና ደንብ አስከባሪ ጉልበታቸውን ማሳየት ያለባቸው እዚያ ነው። ፖሊስ ግቢ ይግባ ስንል ሳናውቀው የምናደርገው ነገር ቢኖር ከሻጩ ላይ ዓይናችንን አንሥተን በገዢው ልጅ ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያም መንገዱ አለ፤ ሰፍቶ መኪናው የሚከንፍበት አዲሱ መንገድ። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዜብራው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቢቆም የስንት እናት ልብ ያርፍ ነበር። አሁን እዚያ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪ ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዞ፣ የአዋቂ መኪና ለማስቆም ትንሽ እጁን የሚዘረጋ የተማሪ ትራፊክ።

በግቢው ውስጥ ምን እንፈልጋለን? ለበሩ ሁለተኛ ሰው። አሁን ያለው ጋሼ ሽንት ቤት ሲሄድ በሩ ባዶ ነው። ደመወዙን ጠይቄው ሊነግረኝ አፈረ፤ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ልጆቹን በየዕለቱ ሰምቶ የሚመክር አንድ የሠለጠነ የምክር አገልግሎት ባለሙያ። ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሜዳና ሚኒ ሚዲያ፤ ኳስ የያዘና ማይክ የያዘ ልጅ ቤቲንግ ቤት ለመሄድ ጊዜ የለውም። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረቱም ለመዋጮ ብቻ መሰብሰቡን ትቶ «ወላጅ አምጣ» የምትለዋን የድሮ ቃል ይመልሳት። መኪና ያለን፣ በሥራ የተጠመድን፣ ገላን ጉራ የተሻገርን ወላጆች ሁሉ ስንጠራ እንምጣ። ፖሊስ እንዲመጣልን የምንፈርመው እኛ መምጣት ስለከበደን እንዳይሆን ስብሰባው ላይ ዙሪያዬን እያየሁ አስቤአለሁ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።

ወረቀቱ እኔ ጋር ሲደርስ ገጹ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስሜን አልጻፍኩም። ከፊርማዎቹ ሥር በቀረችው ቦታ ላይ፣ «ለበሩ ሁለተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ይቀጠር፤ የጋሼ ደመወዝ ይስተካከል፤ ፖሊስ ከበሩ ውጪ ያለውን የሺሻ ቤት ያሽግልን» ብዬ ጽፌ ከዚያ ሥር ፈረምኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ቀድመው ላይኛው ላይ ፈርመዋል። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሁለቱም ላይ መፈረም ይቻላል?» ብለው እስክሪብቶውን ጠየቁኝ።